ይዟል

ገመዴ መኪና ሲያስር ያየ ሰው «ይቺ መኪና ክንፍ አላት እንዴ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሌላው ጫኝ በቀበቶ አጥብቆ የሚያልፈውን፣ እሱ በላዩ ሰንሰለት ይጨምርበታል። የሰንሰለቱ ማጥበቂያ በመንገድ ንዝረት እንዳይፈታ ደግሞ እጀታውን በሽቦ ይጠመጥመዋል፤ የሽቦውን ጭራ የት እንደሚደብቅ ከእሱና ከፈጣሪ በቀር የሚያውቅ የለም። ከዚያ ዞሮ ይመጣና የገዛ እጁን እንደማያምን ሰው ሁሉንም ይነቀንቃል። ገመዴ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው፤ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ ከጠፋ ቆይቷል። ዕድሜውን የጨረሰው የሰው መኪና በተሳቢ ጭኖ አገር ለአገር ሲዞር ነው፤ አንዲት መኪና እንኳ በእጁ ተጭራ አልደረሰችም። ይህን እሱ ራሱ አያወራም፤ ሌሎች ሲያወሩለት ግን አያቋርጥም።

ሙሽራው የገመዴ አማች ነው፤ የአንዲት ልጁ ባል። ካገባ ዓመት አልፎታል፤ ግን ጫኞች አንዴ ስም ካወጡ አወጡ ነው፣ ሸብቶም ሙሽራው መባሉ አይቀርለትም። ገመዴ ቀኝ ትከሻው ተቀዶ ሐኪሙ መሪ እንዳይነካ ካገደው ወዲህ የሚነዳው ሙሽራው ነው። ገመዴ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ክንዱን በጨርቅ ከአንገቱ አንጠልጥሎ፣ የሌለ ፍሬን እየረገጠ ይጓዛል። ሙሽራው አማቱን ይወደዋል፣ ያከብረዋል፣ ከሁሉም በላይ ግን ይፈራዋል። ሚስቱ «አባቴ ሰው አይበላም እኮ» ብትለውም፣ ገመዴ በጠራው ቁጥር ጉሮሮውን ሳይጠርግ መልስ ሰጥቶ አያውቅም።

የዚያን ቀን ተሳቢው ላይ ሁለት መኪኖች ነበሩ። የፊተኛዋ የአንድ ሰዓት ሠሪ ናት። ሰውየው ሁለት እግሮቹን በአደጋ ካጣ በኋላ ከቤቱ እስከ ሱቁ በሰው እጅ እየተገፋ ኖሮ፣ አሁን ነዳጁም ፍሬኑም በእጅ የሚሠራላት መኪና አሠርቷል። የተሠራችው በዚህኛው የአገሩ ጫፍ፣ ሰውየው ያለው በዚያኛው ጫፍ ነው። በስልክ ያላቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «አደራ። መኪና አይደለም፣ እግሬን ነው የሰጠኋችሁ።» ገመዴ ስልኩን ዘግቶ ሄደና አንድ ሰንሰለት ጨመረ።

የኋለኛዋ መላጣዋ ናት። መላጣዋ የራሱ የገመዴ ናት፤ ጣራዋ ጨርቅ የሆነ፣ ሲፈልጉ የሚገለጥ፣ የድሮ ሰው የድሮ መኪና። ስሙን ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ጣራዋን ገልጦ በሰፈሩ ሲያልፍ «መላጣዋ መጣች!» እያሉ ይከተሏት ነበር። ገመዴና ሚስቱ ያገኟት በአንድ ሰው ጓሮ፣ ዶሮ መቀመጫዋ ላይ እንቁላል ስትጥል ነው። እሱ ብረቷን ጠገነ፤ ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረችና ጣራዋን በስፌት መኪናዋ ሰፋች። መርፌ በተሰበረ ቁጥር «ለዚህች መላጣ ብዬ ዓይኔን ጨረስኩ» እያለች ሰፋች። ጣራው ባለቀ በወሩ እሷ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ የሰፋችው ነገር የለም።

መላጣዋ ላይዋ ያምራል፣ ሆዷ ግን ገና ነው። የእጅ ፍሬኗ አይዝም፤ ተዳፋት ላይ ደግሞ ማርሽ ትተፋለች፣ አስገብተህ ብታቆማት ራሷ አውጥታ ትንከባለላለች። ሰዓት ሠሪው ባለበት ከተማ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለእሷ የሚሆን የማርሽ ካምቢዮ አለኝ ስላለ፣ ገመዴ የሰው መኪና ሲጭን ኖሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ጫነ። ጨርቁ በነፋስ እንዳይቀደድ ጣራዋን ነቅሎ፣ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልሎ፣ ጋቢና ውስጥ በእሱና በሙሽራው መካከል አስቀመጠው። ሙሽራው ማርሽ በቀየረ ቁጥር ክርኑ ይነካዋል፤ በነካው ቁጥርም «ይቅርታ» ይላል።

ትልቁ ቁልቁለት አናት ላይ ሲደርሱ ፀሐይዋ እኩለ ሰማይ ላይ ነበረች። ከዚያ በታች መንገዱ በቀኝ የሲሚንቶ ግንብ፣ በግራ ገደል ይዞ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ከቁልቁለት በፊት ቆሞ ፍሬን ማየት የገመዴ ሕግ ነው። ሙሽራው ወርዶ በተሳቢው ዙሪያ ዞረ፤ የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ታምቡር በእጁ ጀርባ ነካ ነካ አደረገ። ሁሉም ለብ ያለ ነው። የኋላው ግራ ጋ ሲደርስ ግን እጁን እንደ ተነደፈ ሰው ሰበሰበ። ፍሬኑ ሳይረገጥም ጎማውን አልለቅ ብሎ፣ እየፈተገ መጥቷል ማለት ነው።

ገመዴ አንገቱን በመስኮት ብቅ አድርጎ «እህስ፣ ይዟል?» አለ።

ሙሽራው ጉሮሮውን ጠረገ። «ይዟል፣ ጋሼ። በደንብ ይዟል።»

«ጎሽ። እንግዲያው እንውረድ።»

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ገመዴ የጠየቀው ፍሬኑ ሲረገጥ ይይዛል ወይ ብሎ ነው፤ በእሱ ዘመን ጫኞች ፍሬን «ይዟል» ካሉ ጤነኛ ነው፣ አልለቅ ካለ ደግሞ «ነክሷል» ይባላል። ሙሽራው ሥራውን የተማረው ከጋራዥ ልጆች ነው፤ እዚያ ሞተር ያዘ፣ ፍሬን ያዘ ከተባለ አበቃለት ማለት ነው። ሁለቱም እውነቱን ተናገሩ፣ ሁለቱም በደንብ ተሰማሙ።

ሙሽራው ደነገጠ። ፍሬኑ ይዟል እያልኩት እንዴት እንውረድ ይላል? ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ግን ይሄ ሰው አንዲት መኪና አስጭሮ የማያውቅ ገመዴ ነው፤ አንድ የሚያውቀው ዘዴ ይኖረው ይሆናል፣ ምናልባት እየቀዘቀዘ ይለቃል ብሎ ይሆናል። ጠይቄ አላዋቂ ከምባል ዝም ልበል አለ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ የሙሽራው ከደጃዝማችነትም የባሰ ነበር። ወጣ፣ ከባድ ማርሽ አስገባ፣ ወረደ።

ቁልቁለት እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ኩርባዎች በሰላም አለፉ። ሙሽራው አንድ ዓይኑን መንገዱ ላይ፣ አንዱን በግራ ስፖኪዮ ላይ አድርጎ ይነዳል። ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል። ገመዴ ድንገት አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገ።

«ምንድነው የሚሸተው?»

«ፍሬኑ ነው፣ ጋሼ።»

«እሱማ ይሸታል፤ ቁልቁለት ነው» አለና ወንበሩን ተደገፈ።

ያውቃል ማለት ነው፣ አለ ሙሽራው በልቡ። እያወቀ ነው ዝም ያለው። ለሁለተኛ ጊዜ ምላሱን ዋጠ። በስፖኪዮው ከኋለኛው ጎማ ቀጭን ጭስ ሲወጣ አየ፤ በሚቀጥለው ኩርባ ጭሱ ወፈረ፤ ከዚያ በሚቀጥለው ላይ ጭሱ መሐል ቀይ ነገር ብልጭ አለ።

«ጋሼ፣ እሳት።»

«የቱ እሳት?»

ሙሽራው ተሳቢውን በግንቡ በኩል አስጠግቶ አቆመ፣ ዘሎ ወረደ። የነበሯቸውን ሁለት ታኮዎች አንዱን ከጭነት መኪናው፣ አንዱን ከተሳቢው ጎማ ሥር ወተፈ። የኋላው ግራ ጎማ እየነደደ ነው። ማጥፊያውን ጨርሶ ነፋበት፤ እሳቱ ጠፋ፣ ብረቱ ግን እንደ ምድጃ ቀልቶ ስለነበር ትንፋሽ እስኪስቡ ድረስ ጎማው እንደገና ተያያዘ። የመጠጥ ውሃቸውን ደፉበት፤ ፍሽሽ ብሎ ቀረ። የተሳቢው ወለል ሳንቃ ነው፣ ስንት ዓመት ዘይት የጠጣ ሳንቃ። ነበልባሉ ከሥሩ ይልሰው ጀመር።

ገመዴ መጥቶ አየ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ድምፁ ግን አልተለወጠም።

«መላጣዋ ካልወረደች የሰውየው አትወርድም። ግባ፣ አስነሳት።»

«እኔ?» አለ ሙሽራው። መላጣዋን ከገመዴ በቀር ማንም ነድቷት አያውቅም።

«እኔማ በየትኛው እጄ?»

መወጣጫዎቹን አወረዱ፣ የመላጣዋን ማሰሪያዎች ፈቱ። ሙሽራው ገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ ባንዴ ተነሳች፣ ታዛዥ ነበረች። የኋላ ማርሹን እንዳትተፋ በእጁ ደግፎ፣ በጭሱ መሐል ወደ ኋላ አወጣት፤ ከተሳቢው ጀርባ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ቁልቁሉን እንዳየች አቆማት። እግሩን ፍሬን ላይ አድርጎ ቀረ። ቢያነሳው ተንከባልላ ተመልሳ እሳቱ ውስጥ ትገባለች። አንድ ደህና ድንጋይ ቢገኝ ይህ ወሬ እዚህ ያልቅ ነበር። ነገር ግን በዚያ ኩርባ በቀኝ ሲሚንቶ፣ በግራ አየር ነው።

ገመዴ በሌላው በር ገባና ግራ እግሩን ዘርግቶ ፍሬኑን ረገጠ። «እኔ ይዣታለሁ። ሂድ፣ የሰውየውን አውጣ።»

ሙሽራው ሮጠ። ተሳቢው ላይ ወጥቶ የሰዓት ሠሪውን መኪና ቀበቶዎች አላቀቀ። ወደ ሰንሰለቱ ሲዞር እጀታው በሽቦ ተጠምጥሟል። ጭራውን ፈለገ፤ ጭሱ ዓይኑን ይቆጠቁጠዋል፣ ጣቱ ሽቦውን ይዳስሳል፣ መጀመሪያም መጨረሻም የለውም። ፒንሳው በዕቃ ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ሣጥኑ ደግሞ ከሚነደው ጎማ ጎን ነው።

«ጋሼ፣ ሽቦው አልፈታም አለኝ!»

«ጭራውን ከሥር ሳበው!»

«ጭራ የለውም!»

«ከሥር ነው፣ ወደ ውስጥ የገባው!»

«አላገኘሁትም!» ከኋላው ሳንቃው ተንጣጣ፤ ሮጦ ከገመዴ ጋር ለመቀያየር ጊዜ የለም። ሙሽራው ሳል እያፈነው፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቱን ጥያቄ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ልተዋት?»

ሙሽራው በጭሱ መሐል ያየውን እስከ ዛሬ ያያል። ገመዴ መላጣዋ ውስጥ ተቀምጧል፤ ክፍት ናትና ከራሱ እስከ ወገቡ ይታያል። ወደ ቀኝ አየ፤ ወደዚያ ቢሰዳት ግንቡን እየላሰች ተሳቢው ላይ መውደቋ ነው፣ ተሳቢው ላይ ደግሞ የልጁ ባልና የሰው እግር አሉ። ወደ ግራ አየ። ከዚያ ደህናውን እጁን አንስቶ የመላጣዋን መሪ ያዘና እስከ መጨረሻው ወደ ግራ ጠመዘዘው። ለአፍታ እጁን እዚያው ላይ እንዳሳረፈ ቆየ። ከዚያ እግሩን አነሳ፣ ከመኪናዋ ወጣ።

መላጣዋ አልቸኮለችም። ባዶ መቀመጫዋን ለፀሐይ ሰጥታ፣ ቀስ ብላ መንገዱን አቋረጠች፣ ጠርዙ ላይ አንዴ ጎንበስ አለች፣ ሄደች። ገመዴ ዞሮ አላየም። እየሮጠ ነበር። ድምፁ ከታች ሲመጣ እሱ ተሳቢው ላይ ወጥቷል፤ ግራ እጁን ከማጥበቂያው ሥር ሰደደ፣ አንድ ነገር ቆንጠጥ አድርጎ ሳበ፣ ሽቦው እንደ ክር ተፈታ።

«እጀታውን ምታ። ግባ። ሳታቆም ውጣ።»

ሙሽራው ምኑን በእጅ ምኑን በእግር እንደነዳ አያስታውስም። ሳንቃው በጎማው ሥር ሲሰበር ተሰማው፤ ከዚያ አስፋልት ነበር፣ ከዚያ ንጹሕ አየር። የሰዓት ሠሪው መኪና የእጅ ፍሬን ይይዛል። ወርዶ ሲያያት አንድ ጭረት የላትም።

የመንገድ ጥገና ሠራተኞች ጭሱን አይተው ከታች የውሃ ቦቴ ይዘው መጡ፤ የተረፈውን አጠፉ፣ ተሳቢውን ከነጭነት መኪናው ወደ ካምፓቸው እንወስድላችኋለን አሉ። እነሱ ሲሠሩ ገመዴ የግንቡ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ሙሽራው አጠገቡ ቆመ፤ ለመቀመጥ አልደፈረም።

«ይዟል ብለኸኝ አልነበር?» አለ ገመዴ፣ ቀና ሳይል።

«ይዟል ነው ያልኩዎት፣ ጋሼ። እጄን እኮ አቃጠለኝ።» የተላጠውን የእጁን ጀርባ አሳየው።

ገመዴ እጁን ለረጅም ጊዜ አየው። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ሙሽራው ከፊቱ አነበበ፤ ለራሱም የገባው ያኔ ነው።

«ነክሷል ማለትህ ነበር።»

«ነክሷል የሚባል ነገር አላውቅም፣ ጋሼ።»

«እና እንውረድ ስልህ ለምን አልጠየቅከኝም?»

«እርስዎ ካሉ ብዬ ነዋ።»

ሙሽራው ስድብ ጠበቀ። ቢሰደብ ደስ ባለው፤ ቢመታም በወደደ። ገመዴ ግን በአፍንጫው ተነፈሰና «እኔም እኮ ወርጄ አልነካሁትም» አለ። «ትከሻዬ ነው እንጂ እጄ አልተቀደደም።»

ቀሪውን መንገድ በሰዓት ሠሪው መኪና ሄዱ፤ ሙሽራው እየነዳ፣ ገመዴ በአንሶላ የተጠቀለለውን ጣራ ጭኑ ላይ አስቀምጦ። አንድ ጊዜ ገመዴ አንሶላውን እየዳበሰ «መላጣዋ ሄዳ ባርኔጣዋ ቀረ» አለ። ሙሽራው ይሳቅ ይልቀስ ጠፋው።

ሰዓት ሠሪው ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቅ ነበር። መኪናዋን በመዳፉ ዙሪያዋን ዳሰሳት፣ ከዚያ ሳያስነካቸው ራሱ ተሸጋግሮ ገባ፤ መንገዱን ወረደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ሲመለስ ፊቱ እንደ ሕፃን በርቷል።

«እግሬን በደህና አመጣችሁልኝ» አለ። «ግን ሁለት መኪና ጭነን እንመጣለን ብላችሁኝ አልነበር?»

«አንዷ መንገድ ላይ ወረደች» አለ ገመዴ።

ሰዓት ሠሪው ቀልድ መስሎት ከልቡ ሳቀ። ገመዴም አብሮ ፈገግ አለ። ሙሽራው ከሱቁ ጀርባ ዞሮ ግንብ ተደግፎ አለቀሰ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ እየሰማው ያለው የሳቃቸው ድምፅ ይባስ አደረገበት።

ካምፑ ተመልሰው ተሳቢው ጎማው እስኪለወጥ፣ ሳንቃው እስኪጠገን ቆዩ። በመጨረሻ ባዶውን ተሳቢ እየጎተቱ ወደ ቤት ሲነሱ፣ ያው ቁልቁለት አሁን ዳገት ሆኖ ይጠብቃቸው ነበር። ዳገቱ ሥር ሙሽራው አቆመ፣ ወረደ፣ ታምቡሮቹን በእጁ ጀርባ ነካ። ገመዴ ጣራውን እንደታቀፈ አንገቱን በመስኮት ብቅ አደረገ።

«እህስ፣ ይዟል?»

ሙሽራው ጉሮሮውን ሊጠርግ ነበር፤ ተወው። መስኮቱ ሥር መጥቶ ቆመ።

«የትኛው ይዟል፣ ጋሼ?»

ገመዴ አየው። ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ አልደበቀውም። «ሲረግጡት የሚይዘው፣ ሲተዉት የሚለቀው» አለ።

«ይይዛልም፣ ይለቃልም። አራቱም ቀዝቃዛ ናቸው። ከፈለጉ ወርደው ይንኳቸው።»

ገመዴ በሩን ከፍቶ ወረደ። በደህናው እጁ አንድ በአንድ ነካቸው፣ ተመልሶ ወጣ፣ ጣራውን ጭኑ ላይ አደረገ። «እንሂድ፣ ልጄ።» ልጄ ብሎት አያውቅም ነበር።

ገደሉ አሁን በገመዴ በኩል ነው። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ሙሽራው መኪናውን አዘገመ፤ ሊያይ ይፈልግ ይሆናል ብሎ። ገመዴ ግን ወደ ውጭ አላየም። ጣራውን በአንድ እጁ ግጥም አድርጎ ይዟል።